አየኸው ወይ?

አክሱም ደርሶ የተመለሰ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ቡና ላይ ያገኘው ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ይጠይቀዋል፤ ዋሽንግተን ያለች አክስቱ በስልክ ትጠይቀዋለች። «አየኸው ወይ?» የሚጠይቁት ስለ ሐውልቱ አይደለም። ሐውልቱማ ይታያል፤ 24 ሜትር ቆሞ የሚታይ ድንጋይ ማን ይደብቀዋል? የሚጠይቁት ስለዚያ ስለማይታየው ነው። መልሱን ደግሞ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል። አላየውም። እነሱም ቢሄዱ አያዩትም። እያወቁ ይጠይቃሉ።

ይህ እያወቁ መጠየቅ ያሳስበኛል። ከበስተጀርባው አንድ የቆየ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ማየት መብት ነው ወይ? ከፍዬ፣ ተጉዤ፣ ፀሐይ መትቶኝ የደረስኩበት ቦታ «ይቺን ግን አታያትም» ሲለኝ የተነፈግሁት ነገር አለ? ወይስ ያ ነገር ከመጀመሪያውም የኔ አልነበረም?

ቲኬቱ የሚገዛው

የዘመናችን ጉብኝት የቆመው ባልተጻፈ ውል ላይ ነው። እኔ እከፍላለሁ፣ እናንተ ታሳያላችሁ። አክሱምም በዚሁ ውል ታስተናግዳለች። ቲኬት ይቆረጣል፣ አስጎብኚ ይመደባል፣ ዙሩ ይጀመራል። የወደቀው ትልቁ ሐውልት አለ፤ 33 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከ500 ቶን በላይ ክብደት፣ መሬት ላይ ተሰባብሮ የተጋደመ። ከሮም የተመለሰው አለ። ከቦታው ሳይነቃነቅ ዘመናትን የተሻገረውና ትንሽ ዘንበል ያለው ሦስተኛውም አለ። ከመሬት በታች መቃብሮች፣ ሙዚየሙ ውስጥ ሳንቲሞችና የሸክላ ዕቃዎች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የተጻፈው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ። ይህ ሁሉ ይታያል። ፎቶ ይነሳል። ውሉ ይሠራል።

ከዚያ ጽዮን ማርያም ይደረሳል። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አሮጌው አለ፣ በመካከል ደግሞ በአጥር የተከበበች ትንሽ ቤት አለች። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታቦተ ጽዮን እዚያ ውስጥ ነው ተብሎ ይታመናል። ከአንድ ጠባቂ መነኩሴ በቀር የሚገባ የለም። ውሉ እዚህ ያበቃል።

ለማየት መብት የሚከራከረውን ሰው ቶሎ አንናቀው። ትልቅ ታሪክ ከኋላው አለ። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 እ.ኤ.አ. ሉቭርን ለሕዝብ ሲከፍቱ፣ በንጉሥና በመኳንንት አዳራሽ ተቆልፎ የኖረው ሥዕል ተራው ሰው ፊት ቀረበ። እዚያ ላይ ማየት የእኩልነት ሌላ ስሙ ነው። «አንተ አታይም» የሚለው ቃል በታሪክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የወጣው ከጉልበተኛ አፍ ነው። መጽሐፉን አታነብም፣ መዝገቡን አታይም፣ እስር ቤቱን አትጎበኝም። እንዲህ ያለ ክልከላ ያደከመው ሕዝብ አጥር ባየ ቁጥር ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ግን እስቲ አዲስ አበባ እንውረድ። ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽ ፊት ስትቆሙ የምታዩት ቅጂዋን ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እውነተኛ አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህን የሰማ ጎብኚ «ገንዘቤን መልሱ» ብሎ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ምክንያቱ ይገባናላ። አጥንቱ ደካማ ነው፤ ብርሃንና እጅ በበዛበት ቁጥር ይጎዳል። ለሚመጣው ትውልድ ይቆይ ብለን እሺ እንላለን።

እንግዲህ ለዕቃው ደኅንነት ሲባል ስንከለከል እሺ የምንል ሰዎች፣ ለዕቃው ክብር ሲባል ስንከለከል ለምን ይከነክነናል? በሁለቱም ቦታ የሚባለን አንድ ነገር ነው። «ይህ ነገር ካንተ ዓይን ይበልጣል።» የመጀመሪያውን ሳይንስ ብለን እናከብረዋለን፤ ሁለተኛውን ልማድ ብለን ልናልፈው እንፈልጋለን። ልዩነቱ ያለው በከልካዩ ላይ ይመስለኛል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሲከለክለን ዕውቀት ነው፤ ነጠላ ያጣፋ ሲከለክለን ግን ድብቅነት።

ተሸፍኖ የሚወጣ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የኛ ሰው። ተረቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ታቦት ላይ ግን አይሠራም።

ጥምቀትን አስቡት። በያንዳንዱ ደብር ያለው ታቦት ይወጣል። ሲወጣ ግን ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። ካህኑ ራስ ላይ ያለው በልብስ የተጋረደ ነገር ነው። ሕዝቡ ከፊቱ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ እልል ይላል፣ ያለቅሳል፣ ወጣቱ እየዘለለ ይጨፍራል። ማንም አላየውም። ማንም ደግሞ እንዳላየ አይሰማውም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲመለስ «ታቦቱን አጅቤ መጣሁ» ይላል እንጂ «ታቦቱን ሳላየው መጣሁ» አይልም።

ይህ ሰው ከታቦቱ ጋር ያለው ግንኙነት የመመልከት አይደለም፤ የማጀብ ነው። አብሮ መሄድ፣ አብሮ ማደር፣ አብሮ መመለስ። ጎብኚው ግን ማጀብ አያውቅበትም። እሱ ያለው አንድ መሣሪያ ዓይኑ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሲከለከል ሁሉም ነገር የተከለከለ ይመስለዋል።

የኢትዮጵያን ቋንቋዎችና ታሪክ ሲያጠኑ የኖሩት ሊቅ ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሳሉ አክሱም ውስጥ ገብተው እንዳዩት፣ ያዩትም ባዶ የእንጨት ሣጥን እንደሆነ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ተናግረዋል። አሉ እንበል። አዩም እንበል። ጥያቄው ተመለሰ? የሚያምነው ሰው «ያሳዩዋቸው ሌላውን ነው» ይላል፤ የማያምነው «ድሮም ብዬ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሣጥኑን እንደ ዕቃ ያየ ሰው ዕቃ አየ። ከዚህ የምማረው፣ እዚያ አጥር ውስጥ ያለው ነገር በማየት የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ነው። እንደ ደብዳቤ ነው። ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ሰርቀህ ብታነብ ቃሉን ታነበዋለህ፤ ደብዳቤው ግን አልደረሰህም።

የጓደኛዬ ክርክር

ይህን ሐሳብ ለአንዲት ጓደኛዬ ሳጫውታት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ «ቆንጆ ነው» አለች። «ግን አንተ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ገብተህ የለ?»

ገብቻለሁ። እሷ አልገባችም። ሴት ናት። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የታነጸው ነው፤ ሴት አይገባበትም። ልጅቷ ደግሞ ባዕድ አይደለችም። ክርስትና የተነሳችው እዚችው ቤተ ክርስቲያን ልጅነት ውስጥ ነው፤ ጾሙን ትጾማለች፤ እናቷ ኅዳር 21ን ሳታከብር ያለፈችበት ዓመት የለም።

«ታቦቱን አለማየቴ አንድም ቀን አስቆጭቶኝ አያውቅም» አለችኝ። «ፓትርያርኩም አያየውም፣ ንጉሡም አላየው። እኔ ማን ነኝ? ያኛው በር ላይ ግን አስጎብኚው ‹እርስዎ እዚህ ይጠብቁ› ሲለኝ፣ እምነቱ ከየት እንደመጣ እንኳ የማያውቅ ፈረንጅ ወንድ በአጠገቤ አልፎ ገባ። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።»

ልክ ናት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክርክሯ ሐሳቤን አላፈረሰውም፤ ግን ቆርጦ አስተካከለው። ክልከላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ክልከላ ባየን ቁጥር ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይህ ክልከላ ከልካዩን ራሱንስ ያስረዋል ወይ?

የታቦተ ጽዮን ክልከላ ያስራል። ካህናቱን ያስራል፣ ጳጳሱን ያስራል። ብቻውን የሚገባውን ጠባቂ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስራል፤ አንዴ ከተመረጠ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚያ ግቢ አይወጣም ይባላል። የማየት ፈቃድ ያገኘው ብቸኛ ሰው በዋጋው ሌላውን ዓለም ሁሉ ማየት አጣ። እንዲህ ያለውን ክልከላ «ጥቅም ለማስጠበቅ ነው» ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ዋጋውን ከፋዩ ራሱ ነውና።

የሴቶቹ ክልከላ ግን የሚያስረው የተከለከሉትን ብቻ ነው። ከልካዮቹን ምንም አያስከፍላቸውም። ይህ ማለት ነገ ሄደን አጥሩን እንግፋ ማለት አይደለም። ቤቱ የነሱ ነው፤ ውስጡን የሚለውጡትም የቤቱ ሰዎች ናቸው። እንዲያውም ከአሮጌው አጠገብ የቆመው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸውና ወንድም ሴትም የሚገባበት፣ ከቤቱ ውስጥ የተሰጠ አንድ መልስ ነበር። ግን ጓደኛዬም የቤቱ ሰው ናት። የእንግዳን ጥያቄ በጨዋነት ማሳለፍ ይቻላል፤ የልጅን ጥያቄ ግን በዝምታ ማሳለፍ አይቻልም።

ለንደን የተቀመጡት

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። የማይታየው ነገር ማየት በማይፈልግ ሰው እጅ ቢገኝስ?

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ ወታደሩ ዘረፈ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የሆኑ ሪቻርድ ሆምስ የሚባሉ ሰው አብረው ዘምተው ነበር፤ ለሙዚየሙ የሚሆነውን ሊመርጡ። ዝርፊያው ከደብዳቤና ከብራና እስከ ዘውድና ጽዋ ይደርሳል። ከሁሉ የሚከብዱት ግን ታቦቶቹ ናቸው። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦቶች አሉ።

እነዚህ ታቦቶች ለሕዝብ አይታዩም። ለተመራማሪ አይታዩም። የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩዋቸውም። ተሸፍነው፣ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ሊጠይቋቸው የሚችሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ናቸው። ሙዚየሙ ይህን የሚያደርገው የቤተ ክርስቲያኗን ሥርዓት አክብሮ ነው።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ሙዚየም ማለት ማሳያ ቤት ነው። አንድ ማሳያ ቤት የማያሳየውን፣ የማያጠናውን፣ ሠራተኛው እንኳ ዓይኑን የማያሳርፍበትን ነገር ለምን ይይዛል? ለመጠበቅ እንዳይባል፣ የሚጠብቀው ከማን ነው? ከባለቤቱ?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ እኔን ግን ከንዴቱ በላይ ግርም የሚለኝ አክብሮቱ ነው። ታቦቱን ባያከብሩት ኖሮ፣ መስታወት ውስጥ አስገብተው ቁጥር ለጥፈውበት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ እንደ ሙዚየም የሚያስኬድ ሰበብ ይኖራቸው ነበር። «ለእኛ ይህ የእንጨትና የድንጋይ ጥበብ ነው፤ ዓለም ሁሉ ይየው» ማለት ይችሉ ነበር። ሸፍነው ሲያስቀምጡት ግን ራሳቸው መሰከሩ። ይህ ዕቃ አይደለም፣ ትርጉሙ ያለው በቤቱ ሳለ ብቻ ነው ብለው አመኑ። ካመኑ በኋላ ደግሞ አልመለሱም። አክብሮቱ ትክክል ነው። ትክክል ከሆነ ግን የሚያደርሰው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆሟል።

ሕጉ አልፈቀደም ይባላል። የ1963 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባለአደራዎቹ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጡ አጥብቆ ይከለክላል። ነገር ግን ያው ሕግ ቀዳዳ አለው። አንድ ነገር በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ የማይገባው ከሆነና መውጣቱ አጥኚዎችን የማይጎዳ ከሆነ ሊወጣ ይችላል ይላል። ማንም የማያጠናው ነገር ቢመለስ የትኛው አጥኚ ይጎዳል?

መመለስ ደግሞ ያልታየ ነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ክብረ ነገሥት ጽፈው ጠይቀው ሙዚየሙ አንድ ቅጂ መልሷል። ኤዲንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ሀገሩ ሲገባ አዲስ አበባ በዕልልታ ተቀበለችው። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019 እ.ኤ.አ. ተመልሷል። የአክሱም ሐውልት ራሱስ? ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ወስዳ ሮም አቆመችው፤ በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ፈርማ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየች። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቦታው መቆሙ ተመረቀ። 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ተመልሶ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ጽላት አልመለስም ማለት የክብደት ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ያን ጥያቄ ድጋሚ እንጠይቅ። የለንደኑ ክልከላ ከልካዩን ያስረዋል ወይ? በእርግጥ ሠራተኞቹም አያዩም። ግን ይህ ምንም አያስከፍላቸውም፤ ለማየት አልጓጉምና። የማይፈልጉትን ነገር በመተው ዋጋ ከፈልን ሊባል አይችልም። ዋጋውን የሚከፍለው ታቦቱ የወጣበት ደብር ነው።

የሚከለክልላቸው የሌላቸው

እስካሁን ስለሚከለክል ሰው ተናገርን። የሚከለክልለት የሌለውስ?

አክሱም ላይ ከሐውልቶቹ ሥር መቃብር አለ። ሐውልቱ ራሱ የመቃብር ምልክት ነው። ታላላቆቹ ሐውልቶች እንደ ፎቅ ቤት የተቀረጹ ናቸው፤ መስኮት አላቸው፣ ከታች ደግሞ በር አላቸው። በሩ ግን ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነው። አይከፈትም። ጠራቢው ድንጋይ ላይ በር ሲቀርጽ ምን እያሰበ እንደነበር በቃል የነገረን የለም፤ የማይከፈት በር ግን በራሱ ይናገራል። «እዚህ ቤት አለ፤ ያንተ ግን አይደለም» የሚል ይመስለኛል።

እኛ በሌላ በኩል ቆፍረን ገባን። መጀመሪያ የገቡት ሌቦች ናቸው፤ ኋላ የመጡት አጥኚዎች። አጥኚዎቹን ከሌቦቹ ጋር አልደባልቅም። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ፣ ኔቪል ቺቲክ በ1970ዎቹ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1990ዎቹ የሠሩት ሥራ ባይኖር ስለ አክሱም የምናውቀው ከአፈ ታሪክ እምብዛም አያልፍም ነበር። ዕውቀቱ የኛም ነው፤ ልጆቻችን የሚማሩት እሱን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ታቦቱን ለማየት ያልደፈርነው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። የንጉሡን መቃብር ያየነው ጠባቂ ስለሌለው ነው። ታዲያ ከበሬታችን ለነገሩ ነው ወይስ ለዘበኛው?

መቃብር ውስጥ ወርጄ የድንጋዩን አገጣጠም ሳደንቅ፣ ይህ ጥያቄ ከኋላዬ ይመጣል። ከእንግዲህ አንግባ የሚል መደምደሚያ የለኝም። የሞተ ሰው መቃብሩ ተከፍቶ ስሙ ሲመለስለት ይጠቀማል ብዬ አስባለሁ፤ ከመረሳት መጎብኘት ይሻላል። ግን አገባባችን ሊለይ ይገባል። ድምፅን መቀነስ፣ መቀለጃ አለማድረግ፣ «እዚህ የተኛ ሰው ነበረ» ብሎ ማሰብ። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ማን ከልክሎት ነው ሳቁን በር ላይ የሚተወው?

ጎበኘ የሚለው ቃል

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። «ጎበኘ» ማለት ዛሬ ካሜራ አንጠልጥሎ መዞር ሆኗል። ቃሉ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። የታመመ ይጎበኛል። የታሰረ ይጎበኛል። ባለቤት እርሻውን ይጎበኛል፤ ጎርፍ ወሰደው፣ አውሬ ገባበት ብሎ። ችግር ላይ ያለ ሰው «የጎበኘኝ የለም» ሲል «መልኬን ያየ የለም» ማለቱ አይደለም። እንዴት ነህ ያለኝ ጠፋ ማለቱ ነው። በዚህ ፍቺ ጎብኚ የሚመጣው ለራሱ ዓይን አይደለም፤ ለተጎብኚው ነው።

በዚህ ፍቺ አክሱምን የጎበኛት ስንቱ ነው?

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ፣ የጽዮን ማርያም በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዚች ከተማ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ነዋሪዎች በኤርትራ ወታደሮች መገደላቸውን ገልጿል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቁጥሩን በብዙ መቶዎች ያደርሰዋል። አስከሬን ከመንገድ እንዳያነሱ ተከልክለው እንደነበር ለአምነስቲ የተናገሩ ነዋሪዎች አሉ። ወሬው ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ አንዳንድ ዘገባዎች ርዕሳቸውን ያደረጉት ታቦቱን ነው። ተዘርፎ ይሆን? ተደብቆ ይሆን? የሟቾቹ ነገር ከዚያ ቀጥሎ መጣ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ሙሉ በሙሉ የሚገለበጠው። ማየት መብት ነው ወይ ብለን ስንከራከር የቆየነው ልናየው ስለምንጓጓው ነገር ነው። ልናየው ስለማንፈልገውስ? አጥር የሌለው፣ ዘበኛ የማይከለክለው፣ ቲኬት የማይጠየቅበት፣ ግን ማንም ወደዚያ ዓይኑን የማያዞርበት ነገር አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሐውልቱ ሥር ፖስት ካርድ ይዞ ሲመጣ የምናየው ፖስት ካርዱን ነው። አንዲት ጥቁር የለበሰች እናት በደብሩ ደጃፍ ስትቀመጥ የምናየው ከኋላዋ ያለውን ደጃፍ ነው፤ ለፎቶው እንድትርቅ የምንፈልግም አንጠፋም።

ስለዚህ ድምዳሜዬ ይህ ነው። ማየት መብት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ግዴታ ነው። የቅዱሱን ነገር የማየት መብት የለኝም፤ የባለቤቱ ነውና፣ ባለቤቱም ራሱን አስሮ ነው የከለከለኝ። ከቤቱ የተነጠቀን ነገር ግን ወደ ቤቱ እስኪመለስ የት እንዳለ የማወቅ፣ የመጠየቅ፣ የመወትወት ግዴታ አለብኝ። የሰውን መከራ አይቶ እንዳላየ የማለፍ መብት ደግሞ የለኝም። ዓይናችን የሚሳሳተው ሁለቱን ሲያቀያይር ነው። ከማይገባው አጥር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሚገባው ላይ ይሸሻል።

ይህ ለአክሱም ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም። ላሊበላ ብትሄዱ፣ ጎንደር ብትሄዱ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሰው ቤት ብትገቡ፣ ሮም ወይም ኢየሩሳሌም ብትሄዱ ያው ነው። ጥንታዊ ከተማ ሙዚየም ብቻ አይደለም። ሰው ይኖርበታል። ውኃ ይጠፋበታል፣ መብራት ይጠፋበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፣ ሰው ይቀበርበታል። እኛ ሁለት ቀን አይተነው «አይተነዋል» የምንለው ነገር ለነሱ በየቀኑ የሚጠበቅ፣ የሚጠረግ፣ አንዳንዴም የሚሞቱለት ነው።

እንግዲህ የምትሄዱ ሁሉ፣ ሂዱ። አክሱም እንግዳ ያስፈልጋታል፤ አስጎብኚው ልጆች አሉት፣ ሆቴሉ ሠራተኛ አለው። ቲኬታችሁን ቁረጡ። ሐውልቱን አንጋጥጣችሁ እዩ፤ የተቀረጸው በር ላይ እጃችሁን ባታሳርፉም ዓይናችሁን አሳርፉ። አጥሯ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር በሉና ደጀ ሰላሙ ጋ የተቀመጡትን እናት ሰላም በሏቸው። ትግርኛ ባትችሉ ችግር የለም፤ ጎንበስ ያለ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። እንዴት ሰነበቱ በሏቸው። መልሳቸውን ለመስማት ጊዜ ይኑራችሁ፤ ረጅም ሊሆን ይችላል።